በልግ ያልገባበት ውል

የካቲት 1898 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የአቢሲኒያ ባንክን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ፣ ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን ሥርወ መንግሥት ከመሠረተ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ከዚያ ብርዳም ደጋ ነው። ባንካቸው ግን ወደዚያ አልወጣም። የግብፅ ብሔራዊ ባንክ በ50 ዓመት ፈቃድ የሚያስተዳድረው ይህ ድርጅት ቅርንጫፎቹን የከፈተው በሐረርና በድሬዳዋ፣ በጎሬ፣ በደምቢ ዶሎና በጋምቤላ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በሚዘረጋበትና የምዕራቡ ቡና ወደ ሱዳን በሚወርድበት መስመር ማለት ነው። የባንኩ ሹማምንት በራሳቸው ስሌት አልተሳሳቱም። የመንዝ ገብስ እዚያው ይበላል፤ በጉና ባናው በቅርብ ገበያ ያልቃል፤ ወደ ወደብ የሚሄድ ሸቀጥ፣ ሸቀጡን የሚያጅብ ሰነድ፣ ሰነዱን የሚመነዝር ነጋዴ የለም። ከሁሉ በላይ መሬቱ በመያዣ የሚሰጥ አልነበረም። ርስት በአባትም በእናትም ሐረግ የሚወረስ የዘመድ አዝማድ መብት ስለሆነ፣ አንድ ባለርስት ተነሥቶ ለባዕድ አበዳሪ ሊያስይዘው፣ አበዳሪውም በሐራጅ ሊሸጠው አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ባንክ ስለ መንዝ የወሰደው አቋም በመዝገቡ ላይ የማይታይ ነበር። አለመሄድ።

የገንዘብ ተቋም አካሄዱን የሚቀርጸው ከደጁ ውጭ በሚነሡ ኃይሎች ነው ሲባል የሚከራከር የለም። ሕግ፣ የአየር ጠባይ፣ የመንግሥት ፖሊሲ፣ ቴክኖሎጂ፣ ጦርነት እያለ የሚዘረዝር ብዙ ነው። በሰሜን ሸዋ ያሉት የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ የመቶ ሃያ ዓመት ታሪክ ግን ከዝርዝሩ በላይ አንድ ነገር ያሳያል፤ ኃይሎቹ እኩል አይሰሙም። ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው ኃይል፣ ማለትም ሕግ አውጪው፣ ባለአክሲዮኑና ተፎካካሪው፣ ቶሎ መልስ ያገኛል። ደብዳቤ የማይጽፈው የበልግ ዝናብ ግን በተበዳሪው ደጅ ጉዳት አድርሶ ያልፋል፤ በተቋሙ የውል ወረቀት ላይ ግን ስሙ አይገባም። ይህን ለማየት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ባንክ ሳይኖር ብድር አልጠፋም። ባላገሩ በችግር ጊዜ መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጥ ነበር፤ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፋንታ ይወስዳል። በሬ ያጣ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ በግ ያለው ለዘመድ ያስረባል። እነዚህ ሁሉ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረጉ ስምምነቶች ናቸውና ክፉ ዓመት ሲመጣ ሁለቱንም አብሮ ይመታል። ለክፉ ዓመት ተብሎ የተሠራ አንድ ሥርዓት ግን በመንዝ ነበር፤ የጓሣ ሜዳ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርሰው ይህ የሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአባቶች ሕግ ይጠበቅ ነበር። ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቁ ሲበረታ መብት ያላቸው ሁሉ በአንድ ቀን እንዲገቡበት ይከፈታል። ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው ሣር ይታጨዳል፤ ከብቱ ይሰማራል። ጓሣ ገንዘብ አልነበረም፤ የተጠራቀመ ሀብት ግን ነበር፤ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነውም የሰማዩ ሁኔታ ነው። በእነዚያ ደጋዎች ዝናብን በደንቡ ውስጥ ያስገባ ተቋም ከዚህ ሌላ ለማግኘት ይቸግራል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጡት ባንኮች ከአቢሲኒያ ባንክ የተለየ መንገድ አልተከተሉም። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ሥራ ጀመረ፤ የእርሻ ባንክ፣ ቀጥሎም የልማት ባንክ ተቋቋሙ፤ በ1960ዎቹ መባቻ ደግሞ የእርሻና የኢንዱስትሪ ልማት ባንክ መጣ። ስማቸው እርሻ ይበል እንጂ ገንዘቡ ያመዘነው ትራክተር ወደሚገባባቸው የአዋሽ ሸለቆና የሰቲት ሁመራ ሰፋፊ እርሻዎች ነበር። እዚያ መሬቱ በኪራይ ወይም በስጦታ የተያዘ፣ ምርቱ ጥጥና ሰሊጥ፣ ገዢውም የውጭ ገበያ ነው። የርስት አገር ከዚህ ስሌት ውጭ ቀረ። በደጋው ላይ የፋብሪካ እጅ የደረሰው በመንዝ በግ ጠጉር በኩል ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ከአካባቢው ጠጉር ይገዛ ነበር። ብድር ግን በዚያ መንገድ ተመልሶ ወደ ላይ አልወጣም።

1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆችን በሁለት ወር ልዩነት አመጣ። ታኅሣሥ 23 ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች ተወረሱ፤ የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለገባር አገር ሁለተኛው አዋጅ ነፃነት ነበር፤ ይህን ማሳነስ ለእውነት አለመቆም ነው። ለመንዝ ባለርስት ግን ትርጉሙ የተደበላለቀ ሆነ፤ ለብድር ጉዳይ ደግሞ ውጤቱ አንድ ነበር። ቀድሞ መሬት በመያዣነት የማይቀርበው ዘመድ ስለማይፈቅድ ነበር፤ አሁን ደግሞ መንግሥት ስለማይፈቅድ ሆነ። የመንግሥት ባንኮች ገንዘባቸውን ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አዞሩ። የጓሣ የቆየ ሥርዓትም በዚያው ተፈታ፤ መብቱ ከቀደምት ባለርስቶች ሐረግ ጋር የተሳሰረ ስለነበር ከገበሬ ማኅበር አደረጃጀት ጋር ሊሄድ አልቻለም፤ ሣሩም ያለ ወቅቱ ይታጨድ፣ ይጋጥ ጀመር። እንግዲህ የ1977ቱ ድርቅ ሲመጣ ደጋው ያገኘው ነገር ይህ ነበር፤ የቀድሞው መጠባበቂያ ፈርሷል፤ በምትኩ የመጣ የብድር ተቋም የለም፤ በወለድ አገድ የሚሰጥ መሬትም በሕግ የለም። የቀረው በግ መሸጥ፣ ቀጥሎም መሰደድ ነበር። ሁለቱ አዋጆች ድርቁን አላመጡትም። ድርቁን የሚሸከም ነገር በሌለበት ጊዜ እንዲመጣ ግን አድርገዋል።

የዛሬው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያው ረሃብ ነው። በዚያ ዘመን ለእርዳታ ሥራ የተቋቋመው ድርጅት በኋላ የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ አመልድ፣ ተባለ። መንግሥት ተለውጦ ጥር 1986 የባንክ ሥራ ለኢትዮጵያውያን የግል ባለሀብቶች ሲፈቀድ፣ አዋሽ፣ ዳሸን፣ አዲሱ አቢሲኒያና ሌሎችም ተከታትለው ተከፈቱ። የእነዚህ ባንኮች ደንበኛ አስመጪው፣ ላኪውና የከተማው ባለንብረት ነው። ለገጠሩ የተለየ ሕግ ወጣ፤ በ1988 የወጣው የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40/1988። አመልድ ቀደም ብሎ በሙከራ የጀመረው የብድር ሥራም በ1989 ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አግኝቶ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ ገበሬው አብቁተ እያለ የሚጠራው። ባለአክሲዮኖቹ የክልሉ መንግሥት፣ አመልድ፣ የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ)፣ የአማራ ሴቶች ማኅበርና የመሳሰሉት ነበሩ። ከአብቁተ በፊትና ጎን ለጎን ሌላም ድርጅት በአካባቢው ነበር፤ የካርልሃይንስ በም ሰው ለሰው ድርጅት ከ1984 ጀምሮ በመርሐቤቴ መንገድ፣ ውኃና የዓለም ከተማን ሆስፒታል ሲሠራ ቆይቷል። በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ተበዳሪ ይዞ ለመቆየት የተዋቀረው ግን አብቁተ ብቻ ነበር።

የአብቁተን የብድር አሰጣጥ ቀርቦ ያየ ሰው እያንዳንዱ አንቀጽ ከውጭ እንደመጣ ይረዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስላለ የመሬት መያዣ የለም፤ ስለዚህ አምስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ጎረቤቶች ተመራርጠው በቡድን ዋስ ይሆናሉ። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የአንድ ሰው ብድር ከ5,000 ብር እንዳይበልጥና በአጭር ጊዜ እንዲመለስ ስለወሰነ ብድሩ ትንሽና ዓመት የማይዘልቅ ሆነ። ባለቤቱ የክልሉ መንግሥት ስለሆነ ተበዳሪውን የሚመርጠው የቀበሌ ኮሚቴ ነው። መንገድ ስለሌለ ሠራተኛው በእግሩና በበቅሎ ይሄዳል፤ ብዙ ደንበኛ በአንድ ቀን እንዲያገኝም ቡድኖች ተሰባስበው በማዕከል ይሰበሰባሉ። ለእርሻ የሚሰጠው ብድር ዋናው በዘመኑ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚመለስ መሆኑ ለገበሬው ኑሮ የቀረበ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሆኖም የመመለሻው ቀን ከብድሩ ቀን ተቆጥሮ የሚመጣ ነው። ምርቱ መጣ አልመጣ አይጠይቅም።

መንዝና ግሼ ከሌላው የአማራ ደጋ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል አካባቢ የበልግ ገብስ ዋና ምርት ነው፤ በጥርና በየካቲት ይዘራል፣ በሰኔና በሐምሌ ይሰበሰባል። የክረምቱን እርሻ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይመታዋል፣ ከዚያ በፊትም በረዶና ውኃ የተኛበት መሬት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ብዙው ቤተሰብ ተስፋውን በበልግ ላይ ይጥላል። ወደ ምዕራብ ሲወርዱ መርሐቤቴ የጀማ ሸለቆ አገር ነው፤ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል፤ የሚጠብቀውም የክረምቱን ዝናብ ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት የዝናብ ሰሌዳ አለ። አብቁተ ግን ለሁለቱም ያቀረበው አንድ ዓይነት ብድር ነበር፤ ምክንያቱም ብድሩን የቀረጸው ለመላ አገሪቱ የወጣው ሕግና የባሕር ዳር ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

በ1991 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ በአንድነት ተመቱ። የቡድን ዋስትና ጉድለት በዚያ ዓመት ግልጽ ሆነ። አንዱ ሲታመም ወይም በሬው ሲሞትበት አራቱ ይደርሱለታል፤ ሥርዓቱ የተሠራው ለዚህ ነው። በልግ ሲቀር ግን አምስቱም በአንድ ጠዋት ያጣሉ፤ ዋሱም ዋስ ይፈልጋል። ከዚያ የሚመጣው መንገድ የታወቀ ነው። ሁሉም ዕዳውን ለመክፈልና እህል ለመግዛት በጉን ወደ ገበያ ያወርዳል፤ የበግ ዋጋ ይወድቃል፤ እህል ደግሞ ይወደዳል። በጥሩ ዘመን በአንድ በግ የሚከፈለው ዕዳ በክፉ ዘመን ሁለትና ሦስት በግ ይበላል። ሴት በጎች ከተሸጡ በኋላ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት መነሻ ያጣል። ተቋሙ ገንዘቡን ይሰበስባል፤ ድርቁ ግን በቤተሰቡ መንጋ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የአብቁተ የብድር አመላለስ በእነዚያ ዓመታት ከመቶ 95 በላይ ነበር፤ በአፍሪካ ካሉ ተቋማትም በወጪው ዝቅተኛነት ይጠቀስ ነበር። ውሉ ለገበሬው ካልተስማማ እንዴት ይህን ያህል ይከፍላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተቋሙ ሠራተኞች በእግራቸው ተራራ ወጥተው የሠሩትም ሥራ ሊከበር ይገባል። ያለ እነሱ የመንዝ ሴት ለበግ ማድለቢያ ወይም ለጥቃቅን ንግድ ከአራጣ አበዳሪ ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። የአመላለስ መጠን ግን ገንዘቡ በቀኑ መግባቱን ብቻ ይናገራል፤ ከምን ተሸጦ እንደመጣ አይናገርም። የቡድን ዋስትና፣ የቀበሌ ኮሚቴና የባለአክሲዮኑ የመንግሥት መዋቅር አንድ ላይ ሲቆሙ ገበሬው ከምንም በፊት ያንን ዕዳ ይከፍላል። ስለዚህ ከፍተኛው ቁጥር የውሉን ጥንካሬ ያሳያል፤ የውሉን ተስማሚነት አያሳይም። ይባስ ብሎም ዋናው መሥሪያ ቤት ችግሩን እንዳያይ ጋርዶበታል፤ ሪፖርቱ ጥሩ በሆነ ዓመት አሠራር የሚለውጥ ቦርድ የለምና።

በ1997 የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር የመንዝና የግሼ ወረዳዎች ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ከጥር እስከ ሰኔ በማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፈ ክፍያ ያገኝ ጀመር። ይህ ለብድር ተቋሙ ከውጭ የመጣ ትልቅ ለውጥ ነበር። መንግሥት ቤተሰቡ ሀብት አፍርቶ ከእርዳታ እንዲወጣ ስለፈለገ የጥሪት ግንባታ ብድር በተቋሙ በኩል እንዲሰጥ አደረገ። አብቁተም ባለአክሲዮኑ ያዘዘውን ፈጸመ። የተደረገው ነገር መልካም ጎን ነበረው፤ ተቋሙ ራሱ የማይደፍራቸውን ድሆች እንዲያገኝ አስገድዶታል። ሆኖም ዕርዳታና ዕዳ በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲገናኙ ተበዳሪው ብድሩን እንደ ስጦታ፣ ሰብሳቢው ደግሞ እንደ ግብር ያየዋል። በ2005 አካባቢ በአማራ ክልል የተጀመረው የግብዓት ቫውቸርም ተመሳሳይ ነው፤ የማዳበሪያ ብድሩ በክልሉ መንግሥት ዋስትና ከሚሰጥ ዱቤ ወጥቶ በአብቁተ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ለሒሳብ አያያዝ ትልቅ እርምጃ ነበር። የማዳበሪያው ሰሌዳ ግን በክረምቱ እርሻ የተቃኘ ነበር፤ በልግ ከሚዘራው ደጋ ወቅት ጋር መሄዱን የሚጠይቅ አልነበረም።

የመሬት ሕጉም ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ። አማራ ክልል ከ1995 ገደማ ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ቆይቶ፣ በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ተከተለ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ አብቁተ ያለ ቡድን ለግለሰብ የሚሰጥ፣ ከፍ ያለ መጠን ያለው ብድር ጀመረ፤ የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009ም ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና እንዲያስይዝ ፈቀደ። ብዙዎች ይህን እንደ ታላቅ መፍትሔ አይተውታል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የመያዣ እንቆቅልሽ ተፈታ ማለት ነውና። ለጤፍና ለስንዴ አገር፣ ለሞረትና ጅሩ ዓይነቱ ለም መሬት፣ እውነትም መፍትሔ ነው። ለመንዝ ግን ሁኔታው ረጋ ብሎ መታየት አለበት። በልግ ቀርቶ ዕዳው ያልተከፈለ እንደሆነ አበዳሪው የሚወስደው መብት መሬቱን ለተወሰኑ ዓመታት የማረስ መብት ነው። ይህ በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ወለድ አገድ ነው። የቀድሞው ወለድ አገድ ቢያንስ በጎረቤት እጅ ይቆይ ነበር፤ የአሁኑ ለሦስተኛ ወገን በኪራይ ሊሰጥ ይችላል። የዝናቡ ጉዳት አሁንም በተበዳሪው ላይ ነው፤ የተለወጠው የሚያጣው ነገር ነው። ቀድሞ በግ ያጣ ነበር፤ አሁን እርሻውን ሊያጣ ይችላል።

በ2007 የተነሣው ኤልኒኞ በመጀመሪያ በልጉን፣ ቀጥሎ የክረምቱን ዝናብ አዛባ፤ በ2008 መንግሥትና አጋሮቹ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቁ። ከዚያ በፊት በትግራይ የተጀመረው በዝናብ መጠን የሚከፍል የሰብል ኢንሹራንስ ወደ አማራም ደርሶ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ሳተላይት ዝናቡ መቅረቱን ካየ፣ ማሳው ሳይጎበኝ ካሳው ይከፈላል። ነገር ግን ተራራና ሸለቆ ተቆራርጦ በሚገናኝበት ደጋ የሳተላይቱ ንባብና የማሳው እውነት በየጊዜው ይለያያሉ፤ ውርጭን ደግሞ የዝናብ መለኪያ አያየውም። ያም ሆኖ በዚያው ዘመን ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ጥሩ ነገር ነበር። የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ጋር ከ2001 ጀምሮ በመንዝ ያስፋፋው የማኅበረሰብ የበግ ማሻሻያ ሥራ አውራ በጎችን በጋራ የሚመርጡ ማኅበራትን ፈጠረ። እነዚህ ማኅበራት ለአበዳሪ የሚጠቅም ነገር አላቸው፤ የተመዘገበ መንጋ፣ የታወቀ ባለቤት፣ የጋራ ሽያጭ። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትና በግ በሕግ መያዣ እንዲሆኑ መንገድ ከፈተ። በሕግ ደረጃ መንዝ ያለውን ሀብት የሚያየው የመጀመሪያው በር ይህ ነው ማለት ይቻላል።

በሩ በተከፈተበት ሰዓት ግን ተቋሙ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር። ከ2003 በኋላ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቅርንጫፎቹን በጥቂት ዓመታት ከ200 ገደማ ወደ 1,000 በላይ አሳድጎ በወረዳ ከተሞች ቁጠባ መሰብሰብ ያዘ። ግንቦት 2013 ቴሌብር ተጀመረ፤ በ2014 ክረምት በዳሸን ባንክ በኩል በስልክ ትናንሽ ብድር ይሰጥ ጀመር። ብሔራዊ ባንክ ትልልቅ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ወደ ባንክ እንዲያድጉ ፈቀደ፤ ሚያዝያ 2013 ደግሞ የባንክ ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ወሰነ። የኦሮሚያው ተቋም ሲንቄ ባንክ ሆነ፤ አብቁተም ከ400 የሚበልጡ ቅርንጫፎቹን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ ተባለ። ከ1989 ጀምሮ በልግን ያላስገባ ድርጅት ተፎካካሪና ሕግ ሲመጣበት በሁለት ዓመት ውስጥ ስሙን፣ ፈቃዱን፣ ቴክኖሎጂውንና ደንበኛውን ለወጠ። ይህ የሥራ መሪዎቹን ብቃት ያሳያል። መለወጥ እንደሚችሉ፣ ያልተለወጠው ነገር ያልተጠየቁት ነገር እንደሆነም ያሳያል።

እዚህ ላይ የባንክ ባለሙያው የሚያቀርበው ክርክር በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ባንክ የማይሆን ተቋም የከተማ ቁጠባ አያገኝም፤ ቁጠባ የሌለው ተቋም ደግሞ ገጠሩን የሚያበድርበት ገንዘብ ያጣል። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ እየተሠራባት ስትሰፋ፣ እንሳሮ ለሚ ላይ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሲቆም፣ በዚያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ መንዝ ሊወጣ ይችላል። ክርክሩ እውነት የሚሆነው ገንዘቡ ዳገቱን ሲወጣ ብቻ ነው። የመቶ ሃያ ዓመቱ ታሪክ ደግሞ ገንዘብ በደጋው ላይ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ ብዙ አላሳየም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው በተቀማጭ ዕድገት፣ በካፒታልና በተበላሸ ብድር መጠን ነው፤ በራቤል ስንት የበልግ ዘሪ እንዳበደረ የሚጠይቀው የለም።

ጦርነቱ ይህን ሚዛን ይበልጥ አዘነበለ። ሚያዝያ 2013 ከደጋው ሥር ያለችው አጣዬ በግጭት ተቃጠለች። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ሞላሌና መዘዞን ነካ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የተነሣውን ግጭት ተከትሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገድ በየጊዜው ተዘጋ። በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 2015፣ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር ዕድገት በዓመት ከመቶ 14 እንዳይበልጥ ገደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ታኅሣሥ 2017 ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዲስ የባንክ ሥራ አዋጅ አጸደቀ። ማበደር የሚችለው መጠን የተወሰነበት፣ ካፒታል ማሳደግ ያለበት፣ የውጭ ተፎካካሪ የሚጠብቅ ባንክ ያንን ውስን ገንዘብ መንገዱ በተዘጋ ደጋ ላይ ለሚዘራ ገብስ ያውላል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ስልክ ላይ ያለው ብድርም ኔትወርክ በሌለበት የለም። በዚህ ላይ የባንኩን ሠራተኞች መውቀስ አይገባም፤ ገንዘብ ይዞ መንገድ መውጣት ነፍስን አደጋ ላይ የሚጥልባቸው ጊዜያት ነበሩ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ዝናብን ማንም አያዝዝም፣ ስለዚህ ባንክ ስለ ዝናብ ምን ሊያደርግ ይችላል የሚለው ነው። ምንዛሪንም ባንኩ አያዝዝም፤ ግን ለምንዛሪ ለውጥ አሠራር አለው። የካፒታል መመሪያም ከእጁ ውጭ ነው፤ ግን ለመመሪያው ዕቅድ አውጥቷል። ለበልግም ቢያንስ ሊደረግ የሚችል የታወቀ ነገር አለ። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልጉን ትንበያ በየዓመቱ ከወቅቱ በፊት ያወጣል፤ ወቅቱ ሲያልቅም ምን እንደዘነበ ያስታውቃል። በመንዝና በግሼ የሚሰጥ የእርሻ ብድር በወረዳው በልግ ከቀረ የመመለሻው ቀን ያለ ቅጣትና ያለ ልመና እስከሚቀጥለው ምርት እንዲዘልቅ በውሉ ላይ ከመጀመሪያው ሊጻፍ ይችላል፤ ለመርሐቤቴ ደግሞ ያው አንቀጽ በክረምቱ ዝናብ። የዚህን ወጪ ደብረ ብርሃን የሚሰበሰበው ቁጠባ ይሸከመዋል፤ ባንክ መሆን አስፈላጊ ነበር የሚባለውም ለዚህ ነበርና። ሴት በጎች በ1147/2011 አዋጅ ሲያዙ የመጨረሻ መያዣ እንጂ የመጀመሪያ መሸጫ እንዳይሆኑ መወሰን ይቻላል። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ የቀን ጉዳይ ነው። የባንኩ የበጀት ዓመት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ሠራተኛው ውዝፍ ብድር አጥርቶ ሪፖርት እንዲያደርግ የሚጣደፈው በዚያ ወር ነው። በመሐል ሜዳ የበልጉ ገብስ በዚያ ወር ብዙው ገና በማሳ ላይ ነው፤ ገበያ የሚደርሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የእነዚህን ወረዳዎች የውዝፍ ማጥሪያ ቀን ከሰኔ መጨረሻ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ለማዛወር አዋጅ አያስፈልግም፤ የካፒታል ጭማሪ አያስፈልግም፤ የቦርድ አንድ ውሳኔ ይበቃል።